ከጠላት ጋር የተነጋገረ ሁሉ ከሃዲ ነው? ከልቼ እስከ አንቀጽ 246

"እከሌ አስመራ ሰው ልኳል አሉ።" "እከሌማ ከካይሮ ነው የሚከፈለው።" ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ሰው ሻይ ይዞ ከተቀመጠ ወሬው ዞሮ ዞሮ እዚህ መድረሱ አይቀርም። ፍርዱም ወዲያው ይከተላል፦ "ባንዳ ነዋ!"

እዚህ ላይ እከሌ ከሃዲ ነው፣ እከሌ ንጹሕ ነው ለማለት አልመጣሁም። ጥያቄው ከዚያ ይቀድማል። አንድ ፖለቲከኛ ከአገሩ ጋር ዓይንና ናጫ ከሆነ መንግሥት ጋር በግሉ ቢገናኝ፣ ቢደዋወል፣ መልእክተኛ ቢልክ፣ ሕግ ምን ይለዋል?

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ መገናኘቱ ብቻውን ክህደት አይደለም። የሚያስጠይቀው በግንኙነቱ የተሰጠው ነገር፣ ዓላማውና ጊዜው ነው። ረጅሙ መልስ ግን ጠመዝማዛ ነው። ደግሞም ሩቅ አገር ሳንሄድ፣ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ልቼን፣ አንኮበርንና መንዝን እያነሳን ልናየው የምንችለው ነው።

ለመሆኑ ሕጉ "ክህደት" የሚለው ምኑን ነው?

አሁን የሚሠራው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። ከሱ በፊት የነበረው የ1949ኙ ሲሆን ያረቀቁትም የስዊዘርላንዱ የሕግ ምሁር ዣን ግራቨን ናቸው። በአገር ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን በተመለከተ አዲሱ ሕግ ከአሮጌው ብዙም አልራቀም።

ሕጉ ሁሉንም ነገር "ክህደት" ብሎ አንድ ላይ አይጠቀልልም። ከአንቀጽ 246 እስከ 252 ያሉትን ብታነቡ ጉዳዩ ተለያይቶ ታገኙታላችሁ። 246 የአገርን ነፃነት ስለሚነካ ድርጊት ነው። 247 የመከላከያ አቅምን ስለማዳከም፣ 248 ስለ ከፍተኛ ክህደት፣ 249 ስለ ክህደት ይናገራሉ። 250 በኢኮኖሚ ስለሚፈጸም ክህደት፣ 251 ከጠላት ጋር ስለመተባበር፣ 252 ደግሞ ስለ ስለላ ነው።

"ከውጭ ሰው ጋር ስለ መነጋገር" የሚል ርዕስ ግን የለም።

ከፍተኛ ክህደት በቀላል አማርኛ፣ ኢትዮጵያዊ ሆኖ በኢትዮጵያ ላይ መሣሪያ ማንሳት ወይም በጦርነት ጊዜ ለጠላት ማደር ነው። ክህደት የሚባለው በተለይ አደራ የተጣለበትን ሰው የሚመለከት ነው፤ የመንግሥት ምስጢር በእጁ ያለ፣ ወይም አገሩን ወክሎ እንዲደራደር የተላከ ሰው አደራውን ሲሸጥ። ስለላ ደግሞ ምስጢር ሰብስቦ ለውጭ ኃይል ማቀበል ነው። ቅጣቱ ቀልድ አይደለም። እንደ ድርጊቱ ክብደት ከረጅም ጽኑ እስራት እስከ ሞት ይደርሳል።

ጠላት የሚባለውስ ማን ነው? ማን ይወስናል?

ሻይ ቤት ውስጥ ጠላት ማለት የምንጠላው ነው። ፍርድ ቤት ውስጥ ግን ጠላት ለመባል፣ በተለይ የከባዶቹ አንቀጾች ጉዳይ ሲሆን፣ ጦርነት ወይም ለጦርነት የቀረበ ሁኔታ መኖር አለበት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት የጦርነት አዋጅ የሚያውጀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ሐሳቡን የሚያቀርበው ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት። የውጭ ፖሊሲ በአንቀጽ 51 ለፌዴራሉ መንግሥት የተሰጠ ሥራ ነው። ፌስቡክ ላይ ጦርነት የሚያውጁት ብዙ ናቸው። ያ ግን በሕግ አይቆጠርም።

ችግሩ፣ ፖለቲካው "ጠላት" የሚለውን ቃል ከሕጉ በፊት ያነሳዋል፤ ከሕጉ በፊትም ይጥለዋል። የኤርትራን ነገር አስታውሱ። በግንቦት 1990 ጦርነት ተጀመረ። በታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ሰላሙ ግን አልመጣም፣ ጦርነቱም አልተመለሰም። ወደ ሁለት አሥርት ዓመት ገደማ እንዲያው ተፋጠን ቆየን።

በዚያ መሐል "ከሻዕቢያ ጋር ግንኙነት አለው" መባል ለብዙ ሰው እስር ቤት መግቢያ ነበር። የሚጠቀስባቸው ሕግ ግን አብዛኛውን ጊዜ የክህደት አንቀጽ ሳይሆን የፀረ ሽብር አዋጁ፣ ቁጥር 652/2001 ነበር። በ2003 ምክር ቤቱ ግንቦት 7ን፣ ኦነግንና ኦብነግን አሸባሪ ብሎ ፈረጀ። በሰኔ 2010 ፍረጃው ተነሳ። ሐምሌ 2 ቀን 2010 የሁለቱ አገር መሪዎች አስመራ ላይ ተፈራረሙ። በ2010 መጨረሻና በ2011 መጀመሪያ፣ ትናንት አስመራ በመቀመጣቸው የተወገዙት ሰዎች በጠራራ ፀሐይ በቦሌ ገቡ፤ አቀባበልም ተደረገላቸው።

አሁን ደግሞ ነፋሱ ዞሯል። በ2018 መጀመሪያ የኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ በጻፉት ደብዳቤ፣ አስመራ ከሕወሓት አክራሪ ክንፍ ጋር ሆና ለጦርነት እየተዘጋጀች ነው ብለው ከሰሱ። አስመራም ክሱን አጣጣለችው።

አንድ ሰው በ2008 አስመራ ቢደውል፣ በ2011 ቢደውል፣ ዘንድሮ ቢደውል፣ ስልኩ ያው ስልክ ነው። የሚሰጠው ስም ግን ሦስት ዓይነት ነው። የክህደት ክስ ላይ ጥርጣሬ የሚያሳድረው አንዱ ነገር ይህ ነው። ሕግ ማለት ነገ ምን እንደሚባል ዛሬ የሚታወቅበት መሆን ነበረበት።

ጦርነት ካልታወጀ ታዲያ እንደልብ ማውራት ይቻላል?

አይቻልም። አንቀጽ 246 የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ይህ አንቀጽ ጦርነት እስኪፈነዳ አይጠብቅም። የአገርን ነፃነት አደጋ ላይ ለመጣል፣ የውጭ ኃይል በአገር ጉዳይ እጁን እንዲያስገባ ለመጋበዝ፣ ወይም የውጭ ኃይል ጥቃት እንዲከፍት ለመገፋፋት አስቦ የሚሠራን ሰው ይይዛል። ቁልፉ "አስቦ" የሚለው ላይ ነው። አደጋ መድረሱ ብቻ አይበቃም። ሰውዬው ያንን ፈልጎ ማድረጉ መታየት አለበት።

ነገሩን ወደ ገጠር እናውርደው። ሁለት ጎረቤታሞች በእርሻ ድንበር ተጣልተው ወረዳ ፍርድ ቤት ይመላለሳሉ እንበል። የአንደኛው ወንድም ለማኅበር ሄዶ ከባላንጣው ጋር ጠላ ጠጣ። ቤተሰቡ ያኮርፋል፤ እናት "አይ ልጄ" ትላለች። ከዚያ አያልፍም። ይኸው ወንድም የቤቱን የመሬት ደብተር ከሳጥን አውጥቶ ለባላንጣው ቢያቀብል፣ ወይም "ሌሊት ናና ምልክቱን ንቀለው፣ እኔ ውሻውን አስራለሁ" ቢለውስ? አሁን ነገሩ ጠላ ከመጠጣት ወጥቷል። በፖለቲከኛም ላይ ሕጉ የሚፈልገው ይህንኑ ልዩነት ነው፤ ምን አቀበለ? ለምንስ ጋበዘ?

ገንዘብ ሲመጣ መስመሩ ይበልጥ ይጠብባል። በምርጫና የፖለቲካ ፓርቲዎች አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት ፓርቲ ከውጭ መንግሥትና ከውጭ ድርጅት ገንዘብ መቀበል አይችልም። ይህ በራሱ ጥፋት ነው። ግን ክህደት አይደለም። የፓርቲ ሕግ መጣስና አገር መሸጥ የተለያዩ ፋይሎች ናቸው፤ ወሬ ላይ ሁሌ ቢደባለቁም።

ባለሥልጣንና ተቃዋሚ እኩል ይጠየቃሉ?

ሁልጊዜ አይደለም። ሚኒስትር፣ አምባሳደር፣ ጄኔራል ምስጢር አለው፤ አደራ አለበት። ስለዚህ የሚከብደው እሱ ላይ ነው። ተቃዋሚ ፖለቲከኛ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው የመንግሥት ምስጢር የለውም፤ ኖሮትማ አያውቅም። እሱ ላይ የሚነሳው የ246ቱ ዓይነት ጥያቄ ነው፦ የውጭ ኃይል ጋብዟል ወይ?

የክልል ባለሥልጣን መሐል ላይ ነው። በራሱ ፈቃድ ከውጭ መንግሥት ጋር ቢደራደር የፌዴራሉን ሥልጣን ነክቷል፤ ይህ የሕገ መንግሥት ጥያቄ ነው። ወንጀል ለመሆን ግን ተጨማሪ ነገር ያስፈልጋል። የምክር ቤት አባል ከሆነ ደግሞ ከባድ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም፣ አይከሰስም።

ምኒልክስ? እሳቸው ምን ሊባሉ ነው?

ይህን ጥያቄ ሸዋ ላይ ማንሳት ራስን ለጭቅጭቅ ማዘጋጀት ነው። ግን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ከደብረ ብርሃን አጠገብ ያለችው ልቼ በመጋቢት 1870 ትልቅ ነገር አይታለች። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ለአፄ ዮሐንስ 4ኛ የገበሩት እዚያ ነው። ንጉሠ ነገሥት መባልን ተዉ፤ ግብር ለመክፈልና ንጉሠ ነገሥቱ ሲጠሯቸው ጦር ይዘው ለመምጣት ተስማሙ። በሌላ በኩል ከአንኮበር ወረድ ብሎ ልጥ ማረፊያ ላይ የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች ሰፍረው ነበር። መሬቱን የሰጧቸው ምኒልክ ናቸው። የመጀመሪያው አለቃቸው አንቲኖሪ እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። በኋላ የመጣው ኮንት አንቶኔሊ ደግሞ የምኒልክ የቅርብ ሰው ሆነ። እስከዚህ ድረስ ጣሊያን ጠላት አልነበረችም፤ ወዳጅነት ነው፣ ንግድ ነው።

ከዚያ ጣሊያን በምፅዋ በኩል ገባች። በጥር 1879 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ወደ 500 የሚጠጋ የጣሊያን ጦር ደመሰሱ። አሁን ጣሊያን የንጉሠ ነገሥቱ ጠላት ናት፤ ጥያቄ የለውም። ምኒልክ በዚህ ጊዜ ሁለቱን ላስታርቅ ይሉ ነበር። በጥቅምት 1880 ግን ከአንቶኔሊ ጋር አንድ ውል ተዋዋሉ። ጣሊያን 5,000 ሬሚንግተን ጠመንጃ ልትሰጥ፣ ምኒልክ በዮሐንስና በጣሊያን መካከል ጦርነት ቢነሳ ገለልተኛ ሊሆኑ። ጣሊያንም የኢትዮጵያን መሬት አልይዝም አለች። ውሉ ምስጢር ነበር።

ከላይ ያነሳናቸውን ጥያቄዎች እንጠይቀው። ጠላት አለ? አለ። ግንኙነቱ ምስጢር ነው? ነው። የተሰጠ ነገር አለ? አለ፤ ምስጢርም መሬትም ሳይሆን "አልዋጋህም" የሚል ቃል። ይህ ቃል ልቼ ላይ ከተገባው "ስትጠራኝ እመጣለሁ" ጋር ይጋጫል። ዓላማው ምን ነበር? እዚህ ላይ ነው የታሪክ ሰው ሁሉ የሚለያየው። አንዱ ምኒልክ ዙፋኑን እያሰቡ ንጉሠ ነገሥታቸውን ከጀርባ አዳከሙ ይላል። ሌላው፣ በዚያ ዘመን ንጉሥ ሁሉ በየበሩ ከውጭ ሰው ጋር ይዋዋል ነበር፣ ጠመንጃ ያጣ ይጠፋ ነበር ይላል። የቀረውን ታውቁታላችሁ፤ መጋቢት 1881 መተማ፣ ሚያዝያ 25 ውጫሌ፣ ከዚያም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ። "አልዋጋህም" ያሉት ንጉሥ ያችኑ ጣሊያንን ድል መቷት።

ዛሬ ቢሆን ኖሮ ዐቃቤ ሕግ ፋይል መክፈቱ አይቀርም ነበር ብዬ አስባለሁ። ይፈረድባቸው ነበር ወይ ብትሉኝ ግን አልደፍርም። ደግሞም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 22 የወንጀል ሕግን ወደ ኋላ መልሶ መሥራት ይከለክላል። በዘመኑ ያልነበረን አንቀጽ ዛሬ አምጥቶ መፍረድ ከሐሜት አይዘልም።

ከጠላት ጋር ተነጋግሮ ጀግና የሆነስ አለ?

አለ፤ እዚሁ። ራስ አበበ አረጋይ በአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ ዘመን በመንዝ፣ በተጉለት፣ በቡልጋና በይፋት የሚዋጉት አርበኞች መሪ ነበሩ። በ1932 አካባቢ ከጣሊያን ባለሥልጣናት ጋር ድርድር ውስጥ ገቡ። መልእክተኛ ሄደ፣ መልእክተኛ መጣ። ጣሊያኖቹ ሊገቡልን ነው ብለው ተስፋ አደረጉ። ራስ አበበ ግን አልገቡም። ድርድሩ ለአርበኞቹ ጊዜ ገዛላቸው። በ1933 ከነተከታዮቻቸው አዲስ አበባ ገቡ። ኋላም መከላከያ ሚኒስትር ሆነው አገለገሉ።

ጦርነት ነበር? ነበር። ጠላት? እንዴታ። ተነጋግረዋል? ተነጋግረዋል። ያስረከቡት ነገር ግን የለም።

ከዚህ ጎን የደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሳን ነገር አስቀምጡት። የምሥራቅ ትግራይ ገዥ፣ የንጉሠ ነገሥቱ አማች የነበሩ ናቸው። ከጦርነቱ በፊት ከጣሊያን ጋር ይገናኙ ነበር። በ1928 ወረራው በተጀመረ በቀናት ውስጥ ተከታዮቻቸውን ይዘው ለጣሊያን ገቡ። እዚህ ላይ ግንኙነቱ ወደ ምን እንዳመራ ለመረዳት ማንም ጠበቃ አያስፈልገውም።

ሌላው ዓለም እንዴት ያየዋል?

አሜሪካ በጣም ጠባብ አድርጋ ይዛዋለች። በሕገ መንግሥቷ ክህደት ማለት በአገሪቱ ላይ ጦርነት መክፈት ወይም ለጠላቶቿ ወግኖ እርዳታ መስጠት ብቻ ነው። ለዚያውም ለአንድ ድርጊት ሁለት ምስክር፣ ወይም በችሎት የተሰጠ የእምነት ቃል ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ነገሥታት ክህደትን ለተቃዋሚ ማጥፊያ ሲያደርጉት ስላዩ ነው እንዲህ ያጠበቁት።

ለግል ዲፕሎማሲ ሌላ ሕግ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1798 ጆርጅ ሎጋን የሚባል የፊላደልፊያ ሐኪም፣ አገሩ ከፈረንሳይ ጋር በተፋጠጠችበት ጊዜ በራሱ ወጪ ፓሪስ ሄዶ ለሰላም ተነጋገረ። በዓመቱ ይህን የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ በስሙም "የሎጋን ሕግ" ተባለ። በዚህ ሕግ እስካሁን የተፈረደበት ሰው የለም። የትራምፕ የደኅንነት አማካሪ ለመሆን የታጩት ማይክል ፍሊንም እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ፣ ትራምፕ ሥልጣን ሳይዙ፣ ከሩሲያ አምባሳደር ጋር በስልክ አወሩ። የተከሰሱት በማውራታቸው አልነበረም፤ ስለ ወሬው ለመርማሪ ዋሽተዋል ተብለው ነው። በኋላም ምሕረት ተደረገላቸው።

በተቃራኒው ቄስ ጄሲ ጃክሰን አሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 መጀመሪያ ሶሪያ ሄደው፣ አውሮፕላኑ ተመትቶ የተያዘ አሜሪካዊ የባሕር ኃይል መኮንን አስፈትተው ተመለሱ። ፕሬዚዳንት ሬገን በዋይት ሃውስ ተቀበሏቸው።

ኖርዌይ ደግሞ ሌላውን ጫፍ ታሳያለች። ቀድሞ የመከላከያ ሚኒስትር የነበረው ክዊስሊንግ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1939 በርሊን ሄዶ ሂትለርን አገኘ። በዚያን ጊዜ ኖርዌይ ገለልተኛ ነበረች፤ ጦርነት ውስጥ አልነበረችም። በሚያዝያ 1940 ጀርመን ስትወራት ወዲያው በሬዲዮ ወጥቶ መንግሥት ነኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ1945 ተፈርዶበት ተገደለ። ያ የበርሊን ጉዞ ለብቻው ምን ያህል ያስቀጣው እንደነበር አከራካሪ ነው፤ የሬዲዮው ንግግር ግን ክርክሩን ዘጋው።

ፍርድ ቤት ሲደርስ ምን መቅረብ አለበት?

ብዙው ክስ የሚፈተነው እዚህ ነው። ሰውዬው መደወሉን ማሳየት ቀላል ነው። የስልክ መዝገብ አለ፣ የፓስፖርት ማህተም አለ። ምን እንዳለና ለምን እንዳለው ማሳየት ግን ሌላ ሥራ ነው። በባንክ የገባ ገንዘብ፣ የተላለፈ ሰነድ፣ በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ፣ ስብሰባው ላይ የነበረ ምስክር፤ እነዚህ ናቸው ሚዛን የሚደፉት። ደግሞም ተከሳሹ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል፤ አንቀጽ 20 ነው።

በ1997ቱ ምርጫ ማግስት የቅንጅት መሪዎች ሲከሰሱ ከክሶቹ አንዱ ክህደት ነበር። ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ በሚያዝያ 1999፣ ችሎቱ የክህደቱንና የዘር ማጥፋት ሙከራውን ክስ ጣለው። መሪዎቹ በዚያው ዓመት የተፈረደባቸው በቀሩት ክሶች ነው፤ ብዙም ሳይቆይ በይቅርታ ወጡ። ጋዜጣና ቴሌቪዥን ላይ ግን ሲጠሩበት የከረመው ስም "ከሃዲ" የሚለው ነበር።